ያለ ኮላ ስለሚገጣጠመው የቤት ወለልና ስለ ታሪኩ



በአሁኑ ጊዜ ቤት የሠራ ወይም ቤቱን ያደሰ ሰው የወለል ነገር ሲነሣ ላሚኔት የሚባለውን ሳይጠቅስ አይቀርም። ይኸውም ያለ ኮላና ያለ ምስማር ጫፍና ጫፉ «ቀጭ» ብሎ እርስ በርሱ የሚጋጠመው የወለል ሰሌዳ ነው። አንዳንዱ ሰው «ይህ እኮ ካርቶን ነው፤ ዓመትም አይቆይ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከፓርኬ በምን ያንሳል? በአንድ ቀን አንጥፈውልኝ ሄዱ» ብሎ ያመሰግናል። ሁለቱም የሚፈርዱት የነገሩን ሥር ሳይጠይቁ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና፥ አንብቤም ባለሙያ ጠይቄም የተረዳሁትን ታሪክ ለአባላት ባካፍል መልካም መስሎ ታየኝ። ብዙዎቻችን ለወለል የምናወጣው ገንዘብ በስንት ዓመት የተጠራቀመ ስለ ሆነ፥ የምንገዛውን ነገር ማወቁ ይጠቅመናል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

መነሻው ፎርማይካ ነው

የታሪኩ መጀመሪያ ወለል ሳይሆን፥ ሁላችንም በየሻይ ቤቱና በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ፎርማይካ ነው። በ1912 በአሜሪካ አገር ዌስቲንግሃውስ በተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ኸርበርት ፌበርና ዳንኤል ኦኮነር የሚባሉ ሁለት ሰዎች፥ በሙጫ የራሰ ነገር ተደራርቦ በሙቀት ቢጫኑት እጅግ የጠነከረ ገበታ እንደሚወጣው ደረሱበት። እነርሱ የፈለጉት የጠረጴዛ ልብስ አልነበረም፤ ኤሌክትሪክን የሚከልል ነገር ነበር። ለዚህ ሥራ እስከዚያ ድረስ የሚያገለግለው ማይካ የሚባለው ማዕድን ስለ ነበር፥ አዲሱ ነገር «በማይካ ፈንታ» ለማለት በእንግሊዝኛ «ፎር ማይካ» ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አሁን ወደ ስዊድን አገር እንሻገር። በአገሪቱ ደቡብ በስኮኔ ክፍለ ሀገር፥ ፔርስቶርፕ በምትባል ስፍራ፥ ቪልሄልም ቬንት የተባለ ሰው በ1881 አንድ ፋብሪካ አቋቋመ። የፋብሪካው ሥራ ከእንጨት ኮምጣጤ ማውጣት ነበር፤ ከሰልና ቅጥራንም ከዚያው ይገኝ ነበር። ከእንጨት የጀመረው ፋብሪካ ቀስ በቀስ ወደ ፕላስቲክና ወደ ሙጫ ሥራ አለፈ። ኋላም እንደ ፎርማይካ ያለ የጠረጴዛ ገበታ እያመረተ በስዊድን ማድ ቤቶች ዘንድ ስሙ ታወቀ። ከነዚያ ገበታዎች የአንዱን ሥዕል የነደፈው የንጉሥ ጉስታቭ 6ኛ አዶልፍ ልጅ ሲግቫርድ ቤርናዶት እንደ ነበር ይታወቃል።

ይኸው የፔርስቶርፕ ኩባንያ በ1977 ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ገበታ ወደ መሬት አወረደው። ላሚኔት ወለል የተፈለሰፈው ያን ጊዜ ነው። የተሸጠውም ፔርጎ በሚል ስም ሲሆን፥ በ1984 ወደ ሌላው አውሮፓ፥ በ1994 ደግሞ ወደ አሜሪካ ገበያ ገባ።

«ካርቶን ነው» ለሚለው ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው አራት ድርብ አለው። ከሥር እንዳይጣመም የሚይዘው ሽፋን አለ። ከዚያ በላይ የእንጨት ጭረት ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በከባድ ጭነት የታመቀበት ዋናው አካል አለ፤ አናጢዎች ኤች ዲ ኤፍ የሚሉት ነው። በሱ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ወረቀት ይለጠፋል። እንግዲህ ወረቀት የሚባለው ይህ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ሜላሚን በሚባል ሙጫ የተያዘ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ይደረጋል። ይህ ነገር በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 9ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ ሲሆን፥ 10ኛው አልማዝ ነው። ስለዚህ የጫማ አሸዋ ቶሎ አይፍቀውም። በሌላ በኩል «ያለ ኮላ» ሲባል መጋጠሚያውን ብቻ ነው እንጂ፥ ሰሌዳው ራሱ በውስጡ ሙጫ አለው።

የኮላው ዘመን

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላሚኔትም እንደ ሌላው ወለል በኮላ ነበር የሚጋጠመው። የዱሮ አናጢ ጣውላ ሲያጋጥም አንዱን ጠርዝ ምላስ፥ ሌላውን ጠርዝ ቦይ አድርጎ ይሠራል። ምላሱ ቦዩ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጣውላ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል አይችልም። ነገር ግን ወደ ጎን ቢስቡት ይወጣል። ወደ ጎን እንዳይወጣ የሚይዘው ምስማር ወይም ኮላ ነው።

ኮላ ደግሞ ጣጣ አለው። ሰሌዳው እየተቀባ፥ የተረፈው እየተጠረገ፥ በማጥበቂያ እየተሳበ ይነጠፋል፤ እስኪደርቅም ድረስ ሰው አይረግጠውም። ሠራተኛው ከዘገየ ኮላው ይደርቅበታል፤ ከፈጠነ መጋጠሚያው ይከፈታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን አንድ ጊዜ ከተጣበቀ በኋላ መላቀቅ የለም። አንድ ሰሌዳ ቢበላሽ በመጋዝ ቆርጦ ማውጣት ነው። የኪራይ ቤት ላይ ያነጠፈ ሰውም ቤቱን ሲለቅ ወለሉን ትቶ ይሄዳል።

ቁልፉ እንዴት ተገኘ?

ያንን ችግር የፈታው እዚያው ስኮኔ ውስጥ የነበረ ቬሊንገ አሉሚኒየም የሚባል አነስተኛ ኩባንያ ነው። በ1993 ቶኒ ፔርቫን የተባለውን ሰው ፈልሳፊ አድርጎ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ምላሱና ቦዩ እንዳሉ ሆነው፥ ከቦዩ በታች ያለው ከንፈር ረዘም ተደርጎ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣለታል። በሌላው ሰሌዳ ሆድ ላይ ደግሞ ያችን ጉብታ የምትቀበል ጎድጓዳ ትቆፈራለች። ሰሌዳውን ሰያፍ አድርገው ምላሱን ያስገቡና ወደ ታች ያስተኙታል። በዚህ ጊዜ ጉብታዋ ጎድጓዳዋ ውስጥ ትወድቃለች፤ «ቀጭ» ይላል። ምላሱ ከላይና ከታች፥ ጉብታዋ ከጎን ይይዛሉ ማለት ነው። ለማውጣት ሲፈለግ ያንኑ ሰሌዳ መልሶ ሰያፍ ማንሣት ነው። ኮላም መዶሻም የለም።

ይህ ወለል አሎክ ተብሎ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። ከንፈሩ የተሠራው ከአሉሚኒየም ነበር። ቀጥሎም ፋይቦሎክ የሚባለው መጣና፥ ቁልፉ በብረት ፈንታ ከራሱ ከሰሌዳው አካል ተፈልፍሎ ወጣ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን በቤልጅግ አገርም ሌላ ኩባንያ በዚሁ ነገር ላይ እየሠራ ነበር። ስሙ ዩኒሊን ይባላል። አመጣጡ ለእኛ ደስ የሚል ነው። በ1960 በፍላንደርስ የሚገኙ የተልባ ነጋዴዎች ተባብረው ያቋቋሙት ነው። እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ በጾም ወራት ቆልተን ወቅጠን እንጠጣዋለን። እነርሱ ግን የሚፈልጉት ግንዱን ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተልባ እግር የሚባለው ልብስ የሚፈተለው ከግንዱ ጭረት ነውና። ጭረቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ገለባ ላለመጣል ሲሉ በሙጫ አምቀው ገበታ መሥራት ጀመሩ። ከሥራቸው ብዛትም ወደ ወለል ደረሱ። በ1996 በርናርድ ቲርስና ስቴፋን ሞሪያው በሚባሉ ሰዎች ፈልሳፊነት ማመልከቻ አስገቡ፤ በ1997 ክዊክ ስቴፕ በሚል ስም ወለሉን ሸጡ።

የፀጉር ያህል ቦታ ያስነሣው ክርክር

ሁለቱ ኩባንያዎች ተጣሉ። ጠቡ የዋዛ አልነበረም፤ ፓተንት የሚባለው የፈጠራ መብት ያለው ሰው፥ ሌሎች ፋብሪካዎች በሱ ቁልፍ ለሚያወጡት ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገንዘብ ይቀበላል። እንግዲህ ሀብቱ በሰሌዳው ላይ ሳይሆን በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ነበር። ሰሌዳ ማን ማምረት ያቅተዋል?

ለእኔ እጅግ የደነቀኝ ፍርዱ የተሰጠበት ነጥብ ነው። የቬሊንገ ሰዎችና የአሎክ ኩባንያ ዩኒሊንንና ሌሎችንም በአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ከሰው ነበር፤ ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 ተወሰነ። በቬሊንገ የፈጠራ መብት መሠረት ጉብታዋ ጎድጓዳዋ ውስጥ ስትቀመጥ ትንሽ ላላ ማለት አለባት። ይህች በዓይን የማትታይ ክፍተት ሰሌዳው ወደ ጎን እንዲንሸራተትና ሲፈለግም እንዲፈታ የምታደርገው ናት። በዩኒሊን ቁልፍ ግን የታችኛው ከንፈር እንደ ስፕሪንግ ተለጥጦ ሰሌዳዎቹን ወደ አንድ ላይ ይስባቸዋል፤ ክፍተት የለውም። ፍርድ ቤቱም «የከሳሾቹ ፈጠራ ክፍተት ያለበት ነው፤ የተከሳሾቹ ወለል ግን ክፍተት የለውም፤ ስለዚህ አንድ አይደለም» የሚል ሐሳብ ያለውን የኮሚሽኑን ውሳኔ አጸና። ከፀጉር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ምክንያት ስንት ገንዘብ ከእጅ ወጣ!

በ2005 ደግሞ ዩኒሊን በተራው ሌሎችን ከሰሰ፤ ኮሚሽኑም በ2007 የዩኒሊንን መብት የሚነካ ወለል ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው በ2005 ዩኒሊንን ሞሃውክ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገዝቶት ነበር፤ በ2013 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የመጀመሪያውን ፔርጎን ገዛ። ስለዚህ ዱሮ የተወዳደሩት ሁለቱ አሁን በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። የፈጠራ መብት የሚጸናው ለ20 ዓመት ስለ ሆነ የመጀመሪያዎቹ ቁልፎች መብት አልፏል፤ ሆኖም ቬሊንገም ዩኒሊንም በየጊዜው ቁልፉን እያሻሻሉ አዲስ መብት ያወጣሉ።

ይህ ለቤታችን ምን ይነግረናል?

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር የኛ ፈንታ አይደለም፤ ሁለቱም ይይዛሉ። ሁለቱም ግን የሚስማሙበት አንድ ሕግ አለ፤ በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ክፍተት መተው አለበት። ይህ ወለል ከመሬት ጋር ስለማይጣበቅ፥ እርጥበት ሲኖር ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሁሉም ሰሌዳ የተቆላለፈ ስለ ሆነም የሚንቀሳቀሰው አንድ ላይ ነው። ሠራተኛው «ጥሩ አድርጌ አጠበቅሁት» ብሎ ግድግዳ ድረስ ከገፋው፥ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና መሐል ቤት ላይ እንደ ግመል ሻኛ ይነሣል። ሰውም «ዕቃው መናኛ ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የአነጣጠፉ ነው። ክፍተቱ እንደሆነ በዞኮሎ ይሸፈናል፤ አይታይም።

ስለዚህ የሚከተሉትን አስቡ። ሰሌዳው ከመነጠፉ በፊት ከነማሸጊያው ሁለት ቀን ያህል እቤት ውስጥ ይረፍ፤ የቤቱን አየር ይልመድ። የሥሩ ሊሾ የተስተካከለና የደረቀ ይሁን፤ ጎርባጣ ላይ ከተነጠፈ ቁልፉ በእግር ክብደት ይሰበራል። ከባድ ቁም ሣጥን በሁለት ትይዩ ግድግዳ አታስቀምጡበት፤ ወለሉን ቸንክሮ ይይዘዋል። ለበዓል ዋዜማ እንደ ለመድነው ውሃ ደፍቶ ማጠብ ለሱ መርዝ ነው፤ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። የሐዘን ቤት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ የዕድራችንን አግዳሚ ወንበር ባንጎትትበት፥ አንሥተን ብናስቀምጠው መልካም ነው። ሐዘንተኛው ያንን ያህል ሰው ሸኝቶ ሲመለስ የተጫረ ወለል ባያገኝ ምን አለበት?

ኪራይ ቤት ላላችሁ አባላት ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጥንቃቄ የተነጠፈ ወለል በጥንቃቄ ይነሣል። የመጨረሻውን ረድፍ አስቀድሞ ሰያፍ እያነሡ ነቅሎ፥ አስሮ፥ ወደሚሄዱበት ቤት መውሰድ ይቻላል። በኮላው ዘመን ይህ አይታሰብም ነበር።

እንግዲህ የታሪኩ ፍሬ ይህ ነው። በኮምጣጤ ፋብሪካ ተጀምሮ፥ በተልባ ገለባ አልፎ እዚህ የደረሰው ጥበብ ያስተማረን፥ ጥሩ መጋጠሚያ ማለት የሚይዝም ቦታ የሚተውም እንደ ሆነ ነው። የሚይዝ ብቻ ከሆነ፥ ሲከር ይበጠሳል እንደሚባለው ይነሣል ወይም ይሰበራል። ቦታ የሚተው ብቻ ከሆነም ይበታተናል። ዕድራችንም ቢሆን ማንም ኮላ ሳይቀባው ይህን ያህል ዓመት የቆየው፥ በመዋጮና በቀብር ቀን አጥብቆ እየያዘን፥ በየቤታችን ኑሮ ግን ለያንዳንዳችን ቦታ እየተወልን ይመስለኛል። ለሚመጣው ዓመት ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።