ፓሊንድሮም

ከግራም ከቀኝም ሲነበብ የማይለወጥ ቁጥር ፓሊንድሮም ይባላል። 1991 እና 2002 ዓመተ ምሕረት እንዲህ ናቸው፤ ቀጣዩ 2112 ነው። ሦስቱም ለ11 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። የአሃዞቹ ብዛት ተጋማሽ ከሆነ ፓሊንድሮሙ የቱንም ያህል ቢረዝም ሕጉ ይሠራል፤ አሃዞቹን በየተራ ስንደምርና ስንቀንስ ጥንዶቹ ተጣፍተው ዜሮ ይቀራልና። የአሃዞቹ ብዛት ኢተጋማሽ ሲሆን ግን ይህ ዋስትና የለም። ከትልልቆቹ እጅግ የምወደው 111111111 በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን 12345678987654321 ነው።

ይህ ውበት የሚታየው ግን በአጻጻፉ ነው። 2002 በግእዝ ፳፻፪ ስለሆነ ሲገለበጥ ይለወጣል፤ 202 ግን ፪፻፪ ነውና በሁለቱም ይጸናል። የአሰቦትና የጭሮ የሒሳብ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ እንዲህ ያሉትን በግእዝ ቁጥር እንዲፈልጉ አድርጓቸው።