የባሪያ ጌቶች የጻፉት የእኩልነት ቃል

የአሜሪካን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ በየዓመቱ ሳይነሳ የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። የ1776ቱን የነጻነት መግለጫ አንብበን ስንጨርስ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር፣ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «መምህር፣ ይህን የጻፈው ሰው ባሪያዎች ነበሩት አይደል?» ይላል። ነበሩት እላለሁ። «ታዲያ ለምን እናነበዋለን?» ክፍሉ ይስቃል። ለእኔ ግን ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አያውቅም። ለብዙ ዓመታት የሰጠሁት መልስ «ሰውን በዘመኑ ልንመዝነው ይገባል» የሚል ነበር። ዛሬ ይህን መልስ ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት ለአንባብያን ላስረዳ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ነገሩን እንዳለ እንመልከተው። በጁላይ 1776 ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰበው ኮንግረስ የሰዎችን ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠር ለዓለም ሲያውጅ፣ ረቂቁን ያዘጋጀው ቶማስ ጄፈርሰን የ33 ዓመት ሰው ነበር። ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በዚያ ወቅት ፊላደልፊያ ድረስ ተከትሎት ያገለግለው የነበረው የ14 ዓመቱ ባሪያ ሮበርት ሄሚንግስ፣ የጄፈርሰን ሚስት በአባት የምትገናኘው ወንድሟ ነበር።

ጄፈርሰን በረቂቁ ውስጥ የባሪያ ንግድን በብሪታንያው ንጉሥ በጆርጅ ሣልሳዊ ላይ ከቆጠራቸው በደሎች እንደ አንዱ አድርጎ ጽፎት ነበር። ኮንግረሱ ግን ሰረዘው። ጄፈርሰን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንቀጹ የተሰረዘው ለሳውዝ ካሮላይናና ለጆርጂያ ሲባል ነው፤ ባሪያ በማጓጓዝ የተጠቀሙ የሰሜን ሰዎችም ነገሩ ሳይከነክናቸው እንዳልቀረ አልሸሸገም። ከ11 ዓመት በኋላ በ1787 የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ «ባሪያ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ለባርነት ሦስት ምሰሶ አቆመለት። ባሪያዎች በምክር ቤት ውክልና ስሌት በሦስት አምስተኛ እንዲቆጠሩ ደነገገ፤ ኮንግረሱ የባሪያ ንግድን እስከ 1808 እንዳያግድ ከለከለ፤ ሸሽቶ ወደ ሌላ ግዛት ያመለጠ ባሪያም ለጌታው እንዲመለስ አዘዘ። በ1790 በተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ 700,000 የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ላይ ነበሩ።

እንግዲህ «በዘመኑ እንመዝነው» የሚለው ክርክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ የማን ዘመን? እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ገና በ1775 ስለ ነጻነት ከሁሉ አብልጠው የሚጮኹት ባሪያ ነጂዎቹ መሆናቸውን እያነሳ አሜሪካውያኑን ተሳልቆባቸዋል። ቬርሞንት በ1777 ሕገ መንግሥቷ የአዋቂዎችን ባርነት ከለከለች። ፔንሲልቫንያ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣች። በ1777 ደግሞ ፕሪንስ ሆል የተባለው ጥቁር መሪና ባልንጀሮቹ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት በጻፉት አቤቱታ የተፈጥሮ መብትን ቋንቋ በጌቶቹ ላይ መልሰው ተጠቀሙበት። የዘመኑ ሰው የምንለው ጌታውን ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ገና ከጅምሩ አዘንብሏል፤ ባሪያውም እኮ የዚያው ዘመን ሰው ነበር። የመግለጫው ጸሐፊዎች ባርነት ግፍ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ የተሰረዘው አንቀጽ ራሱ ምስክር ነው። ያጡት ዕውቀት ሳይሆን፣ ጥቅማቸውን ለማጣት ፈቃደኛ መሆንን ነው።

ታዲያ ቃሉ ከንቱ ማታለያ ነበር ብለን እንደምድም? ይህን ከማለታችን በፊት ሼፊልድ በምትባል የማሳቹሴትስ መንደር የሆነውን እናስታውስ። በጃንዋሪ 1773 ጆን አሽሊ በተባለ ባለጸጋ ቤት የተሰበሰቡ ሰዎች፣ የሰው ልጆች በተፈጥሮ እኩልና ነጻ መሆናቸውን የሚናገር የአቋም መግለጫ አረቀቁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አሽሊ፣ ጸሐፊው ደግሞ ቴዎዶር ሴጂዊክ የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ ነበር። በዚያው ቤት ቤት የምትባል ማንበብና መጻፍ የማትችል ባሪያ ታገለግል ነበር። እመቤቲቱ በጋለ የምድጃ አካፋ ክንዷን እንዳቆሰለቻት ይነገራል። በ1780 የወጣው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው መወለዳቸውን በመጀመሪያው አንቀጽ ሲያውጅ፣ ይህች ሴት ወደ ሴጂዊክ ሄዳ «ሕጉ ለእኔም ይሠራል ወይ?» የሚል ጉዳይ አቀረበች። በኦገስት 1781 የተሰየሙት ዳኞች እርሷም ሆነች አብሯት የከሰሰው ብሮም የአሽሊ ንብረት አለመሆናቸውን ወሰኑ፤ 30 ሽልንግ ካሣም ፈረዱላቸው። ከዚያ በኋላ ኤልሳቤጥ ፍሪማን ተብላ ተጠራች። በ1790ው ቆጠራ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድም ባሪያ አልተመዘገበም።

እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ቃል ብቻውን ነጻ ያወጣው ሰው ጥቂት ነው። በደቡብ ግዛቶች የጥጥ ፍሬን ከጥጡ የሚለየው መሣሪያ በ1793 ከተፈለሰፈ በኋላ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ የባሪያዎቹም ቁጥር በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጋ። ጄፈርሰን መግለጫው በጸደቀ በ50ኛ ዓመቱ፣ በጁላይ 4 ቀን 1826 ሲሞት ዕዳ ጥሎ ስለሄደ፣ በጃንዋሪ 1827 ከርስቱ 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። ባርነትን ያስቀረው ከ600,000 የሚበልጥ ሰው የረገፈበት የእርስ በርስ ጦርነት ነው።

ሆኖም የቃሉን ክብደት ከወዳጆቹ ይልቅ ጠላቶቹ ይመሰክሩለታል። የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌግዛንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 ባደረገው ንግግር፣ መሥራቾቹ በእኩልነት ማመናቸው ስሕተት እንደነበረና አዲሱ መንግሥታቸው በተቃራኒው ሐሳብ ላይ መመሥረቱን በግልጽ ተናግሯል። ባርነትን ለዘለዓለም ማቆየት የፈለጉ ሰዎች ያንን ዓረፍተ ነገር መካድ ግድ ሆነባቸው። ባዶ ቃል ቢሆን ኖሮ ማን ይክደው ነበር?

ይህ ታሪክ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ዜግነትን በትውልድ ያረጋገጠው፣ ከባርነት ለወጡት ሰዎችና ለልጆቻቸው ተብሎ ነበር። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የተወለዱ ብዙ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጆች አሜሪካዊ የሆኑት በዚያው አንቀጽ ነው። በአገራችንም ቢሆን ፍትሐ ነገሥት ነጻነት የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን እየመሰከረ ባርነትን ግን በሥርዓት አስተዳድሯል፤ ባርነትን ጨርሶ የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። በአሜሪካውያኑ ግብዝነት የሚስቅ ተማሪ ይህንንም ሊያውቀው ይገባል።

ዛሬ ለዚያ ከኋላ ወንበር ለሚመጣ ጥያቄ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። መግለጫውን የምናነበው ጸሐፊዎቹን ለማወደስ አይደለም፤ ጥፋታቸውንም በዘመናቸው ለማመካኘት አይደለም። የምናነበው፣ ፊደል ያልቆጠረችው የአሽሊ ባሪያ ሕጉን በሰማችበት መንገድ ነው። እርሷ የጠየቀችው ጻፊው ማን እንደሆነ ሳይሆን፣ ቃሉ እርሷንም ይጨምር እንደሆነ ነው። የየትኛውም አገር መሥራቾች ባስቀሩት ቃል ፊት ልንጠይቀው የሚገባን ይህንኑ ይመስለኛል።