ፈረንጅ ጎንደር ላይ ልጅ ሲያሳድግ

ስለ ጎንደርና ስለ ፈረንጅ ከተነሳ ወሬው ሁሉ ግንብ ነው። «የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው? ፖርቹጋል ነው? ህንድ ነው? የራሳችን ሰው ነው?» ሲባል ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ግን አይበርድም። እኛም የድርሻችንን ተከራክረናል። (ለነገሩ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በ1630ዎቹ መጀመሪያ ሲባረሩ ጎንደር ገና ከተማ አልሆነችም ነበር። ይህቺን ለሚቀጥለው ክርክር ያዟት።)

ዛሬ ግን ግንቡን ለአስጎብኚዎች እንተውና ቤቱን እንይ። ፈረንጅ ጎንደር ላይ ግንብ ሠራም አልሠራም፣ ጎጆ ግን ወጥቷል። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ክርስትና አስነስቷል። ታዲያ ያ ልጅ አፉን የፈታው በምን ቋንቋ ነው? ስም ማን አወጣለት? ሲያድግስ «የማን ነህ?» ሲሉት ምን አለ?

ይህን የምንጠይቀው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ከአዘዞና ከማራኪ፣ ከደባርቅና ከዳባት የወጡ እህት ወንድሞቻችን ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም ላይ ልጅ እያሳደጉ ነው። ጭንቀታቸውን በስልክ እንሰማለን። «አማርኛ ይጠፋበት ይሆን? አገሩን ይወደው ይሆን?» ይላሉ። ይህ ጭንቀት ግን አዲስ አይደለም። በኛው ደጋ፣ በኛው ሰማይ ሥር፣ ሌሎች ቀድመውን ተጨንቀውበታል። እስቲ እንያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአራት መቶዎቹ ልጆች

በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚባል ወጣት የጦር አዛዥ፣ የዝነኛው መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ አራት መቶ ያህል ፖርቹጋላዊ ወታደሮች ይዞ ከምጽዋ ወደ መሀል አገር ዘለቀ። የመጣው በኢማም አሕመድ ላይ ለመዝመት ነበር። እሱ ራሱ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ወታደሮች ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። ኢማሙም እዚያው ወደቁ።

ትምህርት ቤት ስንማር ታሪኩ እዚህ ላይ ይዘጋል። ደወል ይደወላል፣ ደብተር ይታጠፋል። ሰዎቹ ግን ከነሕይወታቸው ነበሩ። ጥቂቶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከነሱ አንዱ ሚጌል ዴ ካስታኞሶ ያየውን ጻፈና በ1564 ታተመለት። አብዛኞቹ እዚሁ ቀሩ። መሬት ተሰጣቸው፣ የአገሩን ሴቶች አገቡ፣ ወለዱ ከበዱ።

እንግዲህ አስቡት። ወታደሮቹ ሚስት አስከትለው አልመጡም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤት ጓዳ የሐበሻ እናት ጓዳ ነው። አባት ስለ ጦርነቱና ስለ እምነቱ ሊያወራ ይችላል፤ ልጁን አዝላ የምታስተኛው፣ «እሹሩሩ» የምትለው፣ ሲወድቅ «እኔን!» የምትለው ግን እናት ናት። አጎቶቹና አያቶቹ የእናት ወገን ናቸው። የአባቱ ወገን ከባሕር ማዶ ነው፤ ሰርግ አይመጣ፣ ልቅሶ አይደርስ። በእንዲህ ያለ ቤት የትኛው ቋንቋ እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1603 ሲገባ ያገኛቸው የእነዚያን ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበር። አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ላይ ተቀምጦ ልጆች ያስተምር ጀመር። በ1604 አፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ ካስተማራቸው ልጆች ሁለቱን ይዞ ነው የሄደው፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን በቃላቸው ተወጥተው ቤተ መንግሥቱን አስገረሙ። ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች ቅዳሜና እሁድ ልጆቻቸውን ፊደል ለማስቆጠር በባቡርና በአውቶቡስ የሚባክኑ ወላጆች ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይላሉ ብለን እናስባለን። የቅዳሜ ትምህርት ቤት አራት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከረረ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ቀጥሎ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ግዝረትና ቅዳሜን ማክበር ይቅር አለ። አገር በደም ታጠበ። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። የእነዚያ ወታደሮች ዘሮች ግን የት ይሂዱ? አገራቸው እኮ ነው።

መልሱ የመጣው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ነው። በ1668 ጎንደር ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። «ፈረንጆቹ» ወይ የአገሩን ሃይማኖት ይቀበሉ፣ ወይ አገር ይልቀቁ ተባለ። (ያው ጉባኤ ሙስሊሞችም ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል።) የተቀበለ ቀረ፤ እምቢ ያለ ወደ ስናር ተሸኘ።

ልብ በሉ፤ ከ1541 እስከ 1668 መቶ ሃያ ሰባት ዓመት ነው። አራት ትውልድ ማለት ነው። ከአያት ቅድመ አያቶቹ ብዙዎቹ ሐበሻ የሆኑ፣ ሊዝበንን በሕልሙም ያላየ ሰው «ፈረንጅ» ተብሎ ተሸኘ። የተሸኘውም ወደ ፖርቹጋል አይደለም፤ ወደ ስናር ነው። «ወደ አገርህ ሂድ» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄድበት አገር የለውም።

ጋፋት፦ መድፍና ጡጦ

ሁለት መቶ ዓመት ዘለን ወደ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን እንምጣ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል መንደር አለች። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ ወንጌልም የእጅ ሙያም የተማሩ ወጣት ሚሲዮናውያን ወደ አገሩ ይገቡ ጀመር። ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደዱት። ጋፋት ላይ ምድጃ ተተከለ፤ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚያ ፈሰሰ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መድፉ ሲፈስ በአጠገቡ ሕፃናት ይድሁ እንደነበር ግን ማን ነገረን?

አንዱን ቤት እንይ። ጆን ቤል እንግሊዛዊ ነው። አገሩን ለምዶ፣ «ሊቀ መኳስ ዮሐንስ» ተብሎ፣ ወይዘሮ ወርቅነሽን አግብቶ ኖረ፤ በ1860 ከአፄ ቴዎድሮስ ጎን ሲዋጋ ሞተ። ልጁን ሱዛንን በ1859 ቴዎፊል ዋልድማየር የተባለው የስዊስ ሚሲዮናዊ አገባት። ሱዛን በዛሬ ዓይን ስናያት ራሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ይህንን በዝምታ አናልፈውም። እንግዲህ የነሱ ልጆች የእናት አባታቸው እንግሊዝ፣ የእናት እናታቸው ሐበሻ፣ አባታቸው ስዊስ፣ ንጉሣቸው ቴዎድሮስ ነበሩ። ፎርም ሙሉ ቢባሉ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር?

ሌላው ቤት ጎንደር ከተማ አቅራቢያ ደምቢያ ውስጥ ነበር። ማርቲን ፍላድ ከጀርመናዊት ሚስቱ ከፓውሊነ ጋር ጄንዳ ላይ ተቀምጦ በቤተ እስራኤል መካከል ይሰብክ ነበር። እነዚህ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ብቻ ሳይሆን ሚካኤል አረጋዊ የተባለ የአገር ልጅም አሳድገዋል፤ እሱም ኋላ ክሪሾና ሄዶ ተምሮ ተመልሷል። ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ጋር ሲጣሉ በ1866 ፍላድን ደብዳቤ አስይዘው ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን እዚህ ቀሩ። እንዲመለስ ማለት ነው። ተመለሰም። የንጉሡ ስሌት ቀላል ነበር፤ አባት ልጁ ያለበት አይቀርም።

ሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር እስረኞቹን ብቻ ሳይሆን የጋፋትን ባለሙያዎች ከነቤተሰባቸው ይዟቸው ወጣ። ሱዛንና ባሏ መጨረሻቸው ሊባኖስ ሆነ፤ ዋልድማየር በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት መሠረተ። መድፍ ሠሪው ሞሪትዝ ሃልና ሚስቱ ካታሪና ደግሞ ያፋ ሰፈሩ። ካታሪና በአባቷ ጀርመናዊ፣ በእናቷ ሐበሻ ናት፤ የአገር ቤት ስሟም ወለተ ኢየሱስ ነበር። በዚያው በ1868 የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና ተባለች፤ ስሟ ውስጥ መቅደላ ይሰማል። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ! በድሮ ፊልም ኤርኩል ፗሮን ሆኖ ስታዩት እንግዲህ «የኛም ልጅ ነው» ማለት ትችላላችሁ።

ብቻውን የሄደው ልጅ

ያ ጦር ይዞት የሄደው ሌላም ልጅ አለ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ። አባቱ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ቀሩ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ በመንገድ ታመው አረፉ። ልጁ እንግሊዝ ገባ። ምርጥ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች፣ ቼልተንሃምና ራግቢ፣ ከዚያም ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ላኩት። ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀሩ አዘኑለት። በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ላይ ሞተ። የተቀበረው ዊንድሶር ነው። አጽሙ ይመለስ ተብሎ በ2007 በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ተጠይቋል፤ በ2023ም ቤተ መንግሥቱ «የሌሎቹን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም» ብሎ መልሷል።

የጋፋትን ልጆችና ዓለማየሁን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁሉም ተሰደዋል። የጋፋቶቹ ከእናታቸው ጋር ሄዱ፤ አማርኛ የምትችል፣ «እኔን!» የምትል እናት አብራቸው ነበረች። ዓለማየሁ ሞግዚት፣ ትምህርት ቤት፣ የንግሥት ርኅራኄ ነበረው፤ ቤት ግን አልነበረውም። ልጅን የሚያሳድገው አገር አይደለም፤ ቤት ነው። ቤቱ ካለ አገር ሲቀየር ልጁ ይንገዳገድ ይሆናል እንጂ አይወድቅም።

በሕግ የተከለከለ አባት

ሦስተኛው ምዕራፍ ከ1936 እስከ 1941 ነው። ጣሊያን ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ፒያሳችን፣ ሲኒማ ቤቱና ፖስታ ቤቱ የዚያ ዘመን ናቸው። የፋሺስት መንግሥት በሚያዝያ 1937 ባወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በግንቦት 1940 ደግሞ የባሰ መጣ፤ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ እንዳይል፣ ስሙንም እንዳይሰጠው ተከለከለ።

ልጆቹ ግን ተወለዱ። ሕግ ፍቅርንም ጉልበትንም አላስቆመም። በኅዳር 1941 ጎንደር ላይ የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ አባት ሄደ፣ ልጅ ቀረ። ማን ስም ሰጠው? ብዙ ጊዜ የእናቱ አባት። በየመዝገቡ «አባት» በሚለው ቦታ ላይ አያት ተጻፈ። ሮም በሕግ የከለከለችውን አንድ የጎንደር ሽማግሌ «በኔ ስም ይጠራ» ብሎ ፈታው። ከግንቡ ሁሉ በላይ የምንኮራበት ይህ ነው። ቢሆንም ሰፈሩ «ሶላቶ» እያለ ሲሰድበው ያደገ ልጅ እንዳለም አንርሳ።

አሁን ተራው የኛ ነው

እንግዲህ ወደ ፍራንክፈርት እንመለስ። እዚያ ያለችው እህታችን ከልጇ ጋር ድንበር ስታቋርጥ ፖሊሱ ሁለቱን ፓስፖርቶች እያገላበጠ «የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ይለያያል?» ይላታል። ሐበሻ ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትቀይር፣ ልጁም በአባቱ ስም እንደሚጠራ በጀርመንኛ ታስረዳለች። ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «እርስዎ» የሚለውን ጥለው ሁሉን «አንተ» ይላሉ። ልጁ በስልክ ጎንደር ያሉትን አያቱን «አንቺ ደህና ነሽ?» ሲላቸው አባት ላብ ያጠምቀዋል። አያት ግን «ይሁን፣ ድምፁን ሰማሁት» ይላሉ።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሮም የሚሠሩ ፊሊፒናውያን ወላጆችም ልጆቻቸው የትልቅ ሰው እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ ማስነካት እንዳይረሱ ይጨነቃሉ፤ እኛ ጉልበት መሳም እንደምንለው ያለ ነው። ብዙዎቹም ልጅን ለአያት ትተው ደመወዝ የሚልኩ ናቸው። ከወለቃና ከአምቦበር ወጥተው በ1984 እና በ1991 እስራኤል የገቡት ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ ብዙ ልጆች ገና ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸዋል።

ከሦስቱ ዘመኖች የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ልጆቹን የጎዳቸው ሁለት ቋንቋ መናገራቸው፣ ሁለት ዓይነት አያት መኖራቸው አልነበረም። የጎዳቸው «አንዱን ምረጥ» መባላቸው ነው። በ1668 ጉባኤው አለ፤ በ1940 ሮም አለች። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ «ከየት ነህ? አይ፣ በእውነት ከየት ነህ?» የሚል አለ። እዚህ ደግሞ እኛ አለን።

አዎ፣ እኛ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ለጥምቀት ሲመጡ፣ ልጁ «ጤና ይስጥልኝ» ለማለት ሲንተባተብ የምንስቀው እኛ ነን። «ይሄ ፈረንጅ ሆኗል» ብለን የምንፈርደውም እኛው። ያ ልጅ አፉን ያሠራው ጀርመንኛ በሚናገር ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናቱ እንቅልፏን ሰውታ ባስተማረችው አማርኛ ነው። የሰበራት ቃል ሳትቀር ተከፍሎባታል።

ስለዚህ «የማን ነህ?» ብለን አንመርምረው። እንደዚያ የጎንደር ሽማግሌ «የኛ ነው» እንበልና እንዲበላ ቦታ እንልቀቅለት። ቋንቋው ከእንጀራው ጋር ቀስ እያለ ይመጣል።