ከውሳኔ በፊት የሚቆም ሰው፦ የተማሪ ዲሲፕሊን ጉዳይና የመደመጥ ታሪክ



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መጠራቱን የሰማ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ሽማግሌ መላክን ነው። ሽማግሌው ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቅጣቱ ከተለጠፈ በኋላ፣ ምሕረት ለመለመን ነው። እኔ የማነሣው ከዚያ በፊት ስላለው ሰዓት፣ ተማሪው ብቻውን ስለሚገባበት ሰዓት ነው።

የአገራችን የሙግት ታሪክ ባለጉዳይን ብቻውን አያቆምም። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋች ዋስ ይጠራ ነበር፤ አንደበቱ ያልሰላ ሰው ነገር አዋቂ ጠበቃ ያቆም ነበር። በሰባት ቤት ጉራጌ ደግሞ በታች ዳኝነት ያልረካ ሰው እስከ የጆካ ሸንጎ ድረስ ይግባኝ ይላል። በቂጫው እስራት የለም፤ ካሳና እርቅ ነው፣ ለእምቢተኛው ደግሞ መገለል። ተማሪን ከግቢ ማባረር ለእኔ ከዚህ መገለል ብዙም አይርቅም።

ጉዳዩ በሌላው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎችም የቆየ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቤንትሊ የተባለውን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1718 ሳያደምጠው ማዕረጉን ገፈፈው። በ1723 ነገሩን ያዩት የንጉሡ ችሎት ዳኛ ፎርቴስኪው፣ እግዚአብሔር እንኳ አዳምን የፈረደበት ጠርቶ ከጠየቀው በኋላ መሆኑን አስታወሱ፤ የእኛ ሊቃውንትም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ ጥቅስ የሚያመጡ አይመስለኝም። በአሜሪካ አላባማ እ.ኤ.አ. በ1960 የዘር መድልዎን በመቃወማቸው የተባረሩ ጥቁር ተማሪዎች በቀጣዩ ዓመት በይግባኝ ረቱ። ፍርድ ቤቱ ሙሉ የችሎት ክርክር አላዘዘም፤ ክሱ ይነገራቸው፣ የመሰከረባቸውን ሰው ይወቁ፣ መልሳቸውም ይሰማ አለ።

በእኛ አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የጠበቃን መብት የሚሰጠው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው። ስለዚህ «እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም» የሚል የኮሚቴ ሰብሳቢ መከራከሪያ አያጣም። ሆኖም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲያመለክት ፈቅዷል። ግን ፍርድ ቤቱ የሚያገኘው ቃለ ጉባኤውን ነው፤ ቃለ ጉባኤው ከተበላሸ በኋላ ጎበዝ ጠበቃም ቢሆን ብዙ ይቸገራል።

የሚበላሸው እንዴት ነው? በትሕትና ያደገ ልጅ በታላላቆቹ ፊት ሲቆም፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ይላል። ይህ በቤቱ አክብሮት ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ጥፋቱን አምኗል» ሆኖ ሲሰፍር በተቀመጥሁባቸው ጉባኤዎች አይቻለሁ። ልጁ ወጥቶ ቤተሰቡ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሽማግሌዎቹም በደግነት ያንኑ ቃል ይደግሙታል፤ እምነቱ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ ማለት ነው።

ስለዚህ ረዳት ስል ጯኺ ተከራካሪ ማለቴ አይደለም። የጥሪውን ደብዳቤ አብሮ የሚያነብ፣ የትኛው ደንብ ተጣሰ እንደተባለ የሚጠይቅ፣ ለዝግጅት ቀን የሚለምን ሰው ነው። የተማሪ ኅብረት አባል ሊሆን ይችላል፤ መምህርም ሊሆን ይችላል። ለከተማው ነዋሪ አቤቱታ የሚጽፉት የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የድጋፍ ማዕከላትም ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ተማሪው ከመፈረሙ በፊት ቃለ ጉባኤውን ተቀብሎ «ይቅርታ ያለው ለየትኛው ድርጊት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።