ከማጅራት ወደ ግንባር

በቤተሰባችን ወንድ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ግንባሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። አባቴ እንዲያ ነበር፤ እኔም አልቀረልኝም። የእኔ መመለጥ የጀመረው ደግሞ በክፉ ጊዜ ነው፤ አፍሮ የጉብዝና ምልክት በሆነበት፣ ጓደኞቼ ማበጠሪያቸውን በኋላ ኪሳቸው ሰክተው በሚንጎራደዱበት ዘመን። እናቴ ለጋ ቅቤ ቀባችኝ። አንዲት ጎረቤታችን ቀይ ሽንኩርት ወቅጣ አሸችኝ። ቅቤው ትራስ አበላሸ፣ ሽንኩርቱ ሰው አሸሸ፣ ፀጉሩም መሄዱን አልተወም። ከዚያ ወዲህ ባርኔጣ ወዳጄ ሆነ፤ ነገሩንም የረሳሁት ይመስለኝ ነበር።

ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 24 ነው። የዛሬ ዓመት ግድም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣ። ባለቤቴ ወደ ማድ ቤት እስክትገባ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እቁብ ሊወጣልኝ ነው። ኢስታንቡል ሄጄ ፀጉር ላስተክል አስቤያለሁ» አለኝ። ኮፍያውን ሲያነሣ የራሴን የወጣትነት ግንባር አየሁ። ከኪሱ ያወጣው ወረቀት በጥያቄ ተሞልቷል። ያማል ወይ? የተተከለው ተመልሶ ይረግፋል ወይ? የሌላ ሰው ፀጉር ተውሶ መትከልስ ይቻላል? በስንት ቀን ሥራ ይገባል? መቼ ይበቅላል? «እርስዎ ብዙ ያነባሉ፤ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ነገርን ከሥሩ መጀመር ነው። ስለዚህ ከሥሩ ጀመርኩ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቱን ቶሎ ልለፈው። ኤበርስ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1550 ግድም የተጻፈው የግብፃውያን የመድኃኒት ጥቅልል፣ ለራሰ በራ ሰው የአንበሳ፣ የጉማሬና የአዞ ስብ ቀላቅሎ መቀባትን ያዛል። የእናቴን ቅቤ የቀመሰ ራስ በዚህ ሊስቅ አይችልም። ዩልየስ ቄሳርም በመላጣው ሲበዛ ያፍር እንደነበር፣ የቀረችውን ፀጉር ከአናቱ ወደ ፊት ያበጥር እንደነበር፣ ከተሰጡት ክብሮች ሁሉ አብልጦ የወደደውም የቅጠል አክሊል ዘወትር እንዲደፋ የተፈቀደለትን እንደነበር ሱዌቶኒዩስ ጽፎልናል። ልብ በሉ፤ የቄሳር ዘዴ ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት ነው። የዛሬው ቀዶ ሕክምና ከዚህ የተለየ አሳብ የለውም። ቄሳር ያመጣው ጫፉን ነው፤ ሐኪሙ የሚያመጣው ሥሩን።

ሥሩን የማምጣት ታሪክ የሚጀምረው በጃፓን ነው። ሾጂ ኦኩዳ የተባለ የቆዳ ሐኪም በቃጠሎና በቁስል ጠባሳ ምክንያት ፀጉር ያጡ ሰዎችን ያክም ነበር። ጫፉ ክብ በሆነ፣ እንደ ቱቦ ውስጡ ባዶ በሆነ ስለት ፀጉር ካለበት የራስ ቆዳ ትንንሽ ክብ ቁራጮችን ያወጣል፤ ጠባሳው ላይ ደግሞ ከቁራጮቹ ጥቂት ጠበብ ያሉ ቀዳዳዎችን ያዘጋጅና ይተክላቸዋል። ለራስ ብቻ አይደለም፤ ለቅንድብም፣ ለሪዝም ሞክሮታል። 200 በሚሆኑ ሕሙማን ላይ የሠራውን በ1939 በአገሩ የሕክምና መጽሔት በዝርዝር አሳተመ። በ1943 ሌላው ጃፓናዊ ሐኪም ሐጂሜ ታሙራ አንድ እርምጃ ሄደ፤ የሚተከለው ቁራጭ ባነሰ ቁጥር የሚበቅለው ፀጉር የተፈጥሮ እንደሚመስል ተረድቶ እስከ አንድ ነጠላ ፀጉር ድረስ አሳነሰው።

አሁን ዓመቶቹን ተመልከቱ። 1939። 1943። ጃፓን ቀድሞውኑ ከቻይና ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ በ1941 መጨረሻ ከአሜሪካም ጋር ገጠመች። ጽሑፎቹ በጃፓንኛ ነበሩ። ባሕር ማዶ ያነበባቸው አልተገኘም፤ ምዕራባውያን ሐኪሞችም የታሙራን ትንሽ ቁራጭ እንደገና ለማግኘት አርባ ዓመት ፈጀባቸው። በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «ጦርነት ምን ያጠፋል?» ብዬ ስጠይቅ ሁልጊዜ ሕንፃና ሰው ይቆጥሩልኝ ነበር። ከእንግዲህ ባስተምር ኖሮ ኦኩዳን እጨምርላቸው ነበር። በብራና ላይ ተጽፈው አንባቢ ያጡ የመድኃኒት መጻሕፍት ያሉን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የልጁ ዋና ጥያቄ፣ «ተመልሶ ይረግፋል ወይ?» የምትለው፣ መልስ ያገኘችው በኒው ዮርክ ነው። በ1952 ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የቆዳ ሐኪም አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ጠየቀ፦ የመመለጥ ጥፋቱ የማን ነው? የቦታው ነው ወይስ የፀጉሩ ሥር? ለማወቅም የሁለቱን ስፍራ አለዋወጠ። መላጣውን ቆዳ ቆርጦ ፀጉራሙ መሐል ቢተክለው መላጣ እንደሆነ ቀረ። ከማጅራት በላይ ያለውን ፀጉራም ቆዳ ቆርጦ መላጣው መሐል ቢተክለው ግን እንደ ቀድሞው ማብቀሉን ቀጠለ። እንግዲያስ ሥሩ የመጣበትን አገር ጠባይ ይዞ ይኖራል እንጂ የሄደበትን አገር ጠባይ አይለምድም ማለት ነው። ውጤቱን አሳትሞ ለዓለም ያወጣው በ1959 ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል መልሱ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ጃንደረባ እንደማይመለጥ ሂፖክራተስም አስተውሏል። በ1942 ጄምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አካል ምሁር ነገሩን መረመረው። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች አይመለጡም፤ የወንዴው ሆርሞን በመርፌ ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው መመለጥ ያለባቸው መመለጥ ጀመሩ፤ ሲቋረጥ መርገፉ ቆመ። የግንባርና የአናት ፀጉር ሥር ለዚህ ሆርሞን ይሸነፋል፤ የማጅራትና የጆሮ ዙሪያው አይበገርም። የእኔን ራስ ከኋላ ያየ ሰው ሳይማር ይህን ያውቃል። (እህቴ ልጄ የተመለጠው ከእኛ ወገን ወርሶ ነው ብላ ትቆጫለች። ከእናት የሚወረሰው ክሮሞዞም ትልቅ ድርሻ አለው፤ የአባቱም ወገን ቢሆን ግን ነፃ አይደለም።)

ስለዚህ ለልጁ «የተተከለው በአብዛኛው ይዘልቃል» ብዬ ጻፍኩለት። ቀጥዬ ግን አንድ መስመር አሰመርኩበት፦ የተተከለው ይዘልቃል ማለት ያልተተከለው ይቆያል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያሳዝነው።

ከኦረንትራይክ በኋላ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ወጣት ወንዶች ተሰለፉ። የሚተከለው ክብ ቁራጭ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ በአንዱ ቁራጭ ላይ ከአሥር የሚበልጥ ፀጉር በአንድነት ይቆማል። ሲበቅል የጥርስ ብሩሽ ወይም የአሻንጉሊት ራስ መሰለ። ይህም ባልከፋ፤ የባሰው በኋላ መጣ። የ25 ዓመት ጎረምሳ ግንባሩ ላይ ዝቅ ያለ መስመር ያስተክላል። ዓመታት ሲያልፉ ከመስመሩ ኋላ ያለው የራሱ ፀጉር መርገፉን ይቀጥላል፤ የተተከለው ግን ኦረንትራይክ እንዳሳየው አይበገርም። በመጨረሻ ፊት ለፊት አንድ ረድፍ ቁጥቋጦ፣ ከኋላው ባዶ ሜዳ ይቀራል። ከማጅራት እንዳይወሰድ ክምችቱ አልቋል። ዕድሜያቸውን በባርኔጣ የጨረሱ አሉ፤ የእኔ ባርኔጣ የሚሸፍነው ግን ተፈጥሮን እንጂ የሐኪም እጅ አይደለም። መታከሙ የፈጠረው ጉዳት ራሱን የቻለ ሕክምና እስኪሆን ደረሰ፤ ዛሬም የድሮ ተከላ የሚያርሙ ሐኪሞች አሉ።

መፍትሔው ቀስ ብሎ መጣ። በ1984 ሄዲንግተን የተባለ ተመራማሪ ፀጉር አንድ በአንድ ሳይሆን ከ1 እስከ 4 በሚሆን ዘለላ እንደሚበቅል በአጉሊ መነጽር አሳየ። በ1988 በቴክሳስ ግዛት ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ቦቢ ሊመር ከማጅራት ቀጭን የቆዳ ሰቅ አውጥቶ በአጉሊ መነጽር ሥር በየዘለላው መፈልቀቅ ጀመረ። ይህ ጥሩ ይበቅላል፤ ነገር ግን ማጅራት ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ መስመር ጠባሳ ይተዋል። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ማሱሚ ኢናባ 1 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ ዘለላውን በቀጥታ ከቆዳ የማውጣት ዘዴ አሳየ፤ ራስማንና በርንስታይን በ2002 ለዓለም ካስተዋወቁት ወዲህ ኢስታንቡልን ያጥለቀለቀው ይህ ነው። ልጄን ለመጠየቅ ጀርመን ስሄድ በዚያች ከተማ አውሮፕላን ጣቢያ አልፌ ነበር፤ ግንባራቸው ያበጠ፣ ማጅራታቸው በፋሻ የታሸገ ወንዶች በየወንበሩ ተቀምጠው አይቻለሁ። አንዱም አንገቱን አልደፋም። ጊዜው መለወጡ ያኔ ገባኝ። በ2004 የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤርሉስኮኒ ቶኒ ብሌርን በሰርዲኒያ ሲቀበሉ ተከላውን በነጭ ሻሽ ሸፍነው ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ዌይን ሩኒ በ25 ዓመቱ ማስተከሉን ራሱ ለዓለም ነገረ። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅና ጽኑ የማንቸስተር ደጋፊ ነበር፤ ሐሳቡ የተዘራው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

የቀሩትን ጥያቄዎች እንዲህ መለስኩ። ሕመሙ ያለው በማደንዘዣው መርፌ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለሰዓታት መቀመጥና መተኛት ነው። በሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ግንባር ሊያብጥ፣ እብጠቱም ወደ ዓይን ሊወርድ ይችላል። ቅርፊቱ በሳምንት እስከ አሥር ቀን ይራገፋል፤ የቢሮ ሥራ ከዚያም ቀደም ብሎ ይቻላል፤ ኳስ ጨዋታና ጠራራ ፀሐይ ግን ለጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። የሌላ ሰው ፀጉር አይሆንም፤ ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ ይጥለዋል፤ መንትያቸው አንድ ዓይነት የሆነ ብቻ ዕድለኞች ናቸው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን አንድ ወር ሳይሞላ ወይም ጥቂት አልፎ የተተከለው ፀጉር መርገፉ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቤ ጠፋ ብሎ የሚያለቅሰው ያኔ ነው። የረገፈው ዘንጉ ነው፤ ሥሩ ከቆዳ ሥር ተኝቷል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ብቅ ይላል፤ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሙሉ መልኩ የሚታየው ዓመት ሲሞላው፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው።

በወረቀቱ ላይ ያልነበሩ፣ ግን ለእኛ ሰው የሚገቡ ሁለት ነገሮችም ጨመርኩለት። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በላይ ብቻ ሳይሆን ከቆዳ በታችም ይጠመዘዛል። ስለቱን ቀጥ አድርጎ የሚሰድ፣ ሉጫ ፀጉር ብቻ የለመደ እጅ ሥሩን ይቆርጠዋል። በአንጻሩ ከርዳዳው ጥቂቱ ብዙ ቆዳ ስለሚሸፍን ከሉጫው ይልቅ በትንሽ ይበቃዋል። ሁለተኛው ኬሎይድ ነው፤ ጠባሳው ካለ ልክ እያበጠ የሚያድግበት ሰው ይህን ሳይናገር ስለት ሥር መግባት የለበትም። በጠበቀ ሹሩባ የግንባራቸው ዳር የሸሸ ሴቶችም ወደ ተከላ ሊመጡ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ግን መጎተቱ ይቁም።

ከዚያም የ24 ዓመት ልጅ የምለው መጣ። ማጅራት ባንክ ነው፤ ግን ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው። የአባቴን ራስ ፎቶግራፍ ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየሁት። አባቴ በ24 ዓመቱ የልጁን ያህል ፀጉር ነበረው፤ በ50 ዓመቱ ከጆሮ በላይ ያለች ቀለበት ብቻ ቀረችው። እቁቡን ዛሬ ግንባሩ ላይ ቢያፈስሰው ለአናቱ ምን ይቀራል? መርገፉን የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ። ሚኖክሲዲል ለደም ግፊት የተሠራ ሲሆን በሰውነት ላይ ፀጉር ሲያበቅል ስለታየ በ1988 በአሜሪካ ለራስ ተፈቀደ፤ ፊናስተራይድ በ1997 ተከተለ። ሁለቱም ሐኪም ሳይጠየቅ የሚጀመሩ አይደሉም፤ ፊናስተራይድ አንዳንዱን ወንድ በፍትወት በኩል ያዳክመዋል። እንዲህም ብዬ ነገርኩት፦ ወጣቱን ሁሉ «ና፣ ዛሬውኑ» የሚል፣ ቆዳውንም የሚቀደው ሐኪሙ ይሁን ረዳቱ የማይናገር ቤት ካጋጠመው በር ላይ ይመለስ።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ይህ ቢኖር ኖሮ አያደርጉትም ነበር?»

በዚያ ዕድሜዬ ቀይ ሽንኩርት ራሴ ላይ ታሽቶ ሻሽ ጠምጥሜ መንገድ የወጣሁ ሰው ነኝ። «እሮጥ ነበር» አልኩት። «የማገኘውም ያን የ4 ሚሊ ሜትሩን ነበር።»

እቁቡ ወጣለት። ለእናቱ ማቀዝቀዣ ገዛበት፤ የቀረውን ባንክ አስገባው። አንድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት ጀምሯል፤ በየሦስት ወሩ የአናቱን ፎቶግራፍ ያነሣል። ቤቴ ሲመጣ ግን ኮፍያውን አሁንም አያወልቅም። ባለፈው ወር ደግሞ አዲስ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ጥያቄ «ሠላሳ ሲሞላኝስ?» ትላለች።