ፍሬሽማንን የሚያዘጋጀው ማን ነው? ከአራዳ እስከ አራት ኪሎ



ሰሞኑን የውስጥ መስመሬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ ምደባ ወጥቶልኛል፣ ፍሬሽማን ልገባ ነው፣ ምን ይዤ ልሂድ?» ይላሉ ልጆቹ። ወላጆች ደግሞ «ጋሼ፣ ልጄን ምን ብዬ ልምከራት?» ይሉኛል። የሚያዘው ዕቃ በማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፦ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ከነኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። እናት በዚህ ላይ በሶና ዳቦ ቆሎ ትጨምርበታለች። ይኼ አንድ ቅዳሜ መርካቶ ተወርዶ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከባዱ ዝግጅት ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የምመልሰውም በታሪክ ነውና ታገሱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። በእኛ ከተማ ልጅን ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ግማሹን ሥራ የሚሠራው ሰፈር ነበር። አራዳና ፒያሳ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል፤ ማንም ግን ሥራ ብሎ አልቆጠረላቸውም።

ከመነሻው እንጀምር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ልጆቹ ቋንቋ ይማሩ ነበር፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ዐረብኛ። ያኔ የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ ወደ ዛሬው መርካቶ የተዛወረው በጣሊያን ጊዜ ነው። በገበያው ዙሪያ የአርመኑ፣ የግሪኩ፣ የሕንዱ ሱቅ አለ። ክፍል ውስጥ የሰማውን የውጭ ቃል ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከባለሱቅ አፍ መልሶ ይሰማዋል። እንግዲህ «አራዳ» የሚለው የቦታ ስም ነቃ ላለ ሰው ቅጽል ሆኖ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያ ዘመን አገር ውስጥ ኮሌጅ የለም። ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ የተባለው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅ ይላካል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶቹ አዲስ አበባን በደም ሲያጥቡ፣ የተማረውን ወጣት እየለዩ ጨረሱት። ያን ጊዜ የጠፋው ዲግሪ ያለው ሰው ብቻ አልነበረም። «ልጄ፣ ውጭ አገር ስትማር እንዲህ እንዲህ ያጋጥምሃል» ብሎ ለታናሹ የሚነግረው ታላቅም አብሮ ጠፋ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ከሞላ ጎደል እንደገና ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ተፈሪ መኮንንን ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ያዙት፤ መሪያቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ያዘዟቸውም እኚሁ ሰው ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በ33 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ። ሠላሳ ሦስት! ዛሬ አንድ የፍሬሽማን ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ ተማሪ ይቀመጣል።

እነዚያ የአገራችን የመጀመሪያ ፍሬሽማኖች ግቢ ውስጥ አዳሪ ነበሩ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ስለነበሩ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚተዋወቁ ሳይሆን ቤተሰብ ሆኑ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰጠው። አዳሪነቱ ከቀረ በኋላ የአዲስ አበባው ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ መማር ጀመረ። የሰፈራችን ሥራ በደንብ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ በፒያሳ ቁልቁል ውረዱ። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻገሩና ዳገቱን ውጡ፤ አራት ኪሎ ናችሁ። ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ውቤ በረሃ፣ እሪ በከንቱ፣ ሁሉም ለግቢው የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእኛ ተረት አልነበረም። ጠዋት ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሚያልፍ፣ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ጎረቤት ነበር።

እኔ ራሴ ማትሪክ ወስጄ አራት ኪሎ የገባሁት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በአምስት ትምህርት የሚሠላው ነጥብ ሲወጣ ግቢያችን ውስጥ ቡና ተፈላ፣ አባባ ከወዲያ ማዶ መጥተው መረቁኝ። በማግስቱ ግን እውነተኛው ዝግጅት ተጀመረ። ጎረቤታችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ጠርቶ አስቀመጠኝና በቡና ስኒዎች ክሬዲት አወር ምን ማለት እንደሆነ አሳየኝ። ባለ አራቱ ክሬዲት ኮርስ አራት ስኒ፣ ባለ ሁለቱ ሁለት ስኒ። «እዚህ ጋ ብትወድቅ ስንት ስኒ እንደሚሰበር እየው» አለኝ። መምህሩ የሚያወራው ሁሉ እንደማይጻፍ፣ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ሳይሆን ከማውጫው እንደሚጀመር፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የተባረረ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሳይሆን ያልጠየቀ ልጅ እንደሆነ ነገረኝ። ያን ምሽት የተማርኩት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አልተጻፈም። ለእሱም የነገረው ሌላ የሰፈር ልጅ ነበር። እኔም በተራዬ ለሦስት ልጆች ነግሬያለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስንጽፍ የተማሪ ንቅናቄውን እንጽፋለን፤ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረውን የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ግቢው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ገጠር የዘመተበትን ጊዜ እንጽፋለን። የሚገባም ነው። ይህቺ የበረንዳ ትምህርት ግን የትም አልተጻፈችም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ። ይህ የታላቅና የታናሽ ቅብብል የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ታላቁ ያለፈበት መንገድና ታናሹ የሚሄድበት መንገድ አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ መኖር አለባቸው።

የመጀመሪያው በእኛ ዘመን ደጋግሞ ተበጥሷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የፍሬሽማንን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ አውርዶ መሰናዶ በሚባለው 11ኛና 12ኛ ክፍል ውስጥ አስገባው፤ ብዙው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። «ፍሬሽማን» የሚለው ቃል ለአዲስ ገቢ መጠሪያ ሆኖ ቀረ እንጂ ዓመቱ ራሱ አልነበረም። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዙር ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም 5.4 በመቶ ነበር። ሪሜዲያል የሚባል አዲስ በር ተከፈተ።

የትኛው ፖሊሲ ትክክል ነበር የሚለውን ለባለሙያ ልተወው። እኔ የማየው ሌላውን ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አባት የድሮውን ፍሬሽማን ተምሯል፤ ትልቁ ልጅ በመሰናዶ አልፎ ቀጥታ ዲፓርትመንት ገብቷል፤ መካከለኛዋ አዲሱን ፍሬሽማን ወስዳለች፤ ትንሹ ሪሜዲያል ተመድቧል። አራቱም ስለ «ዩኒቨርሲቲ መግባት» ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ አራት የተለያየ ነገር ነው። ታላቁ በቅንነት የሚሰጠው ምክር ለታናሹ አይሠራም። ሁልጊዜ ድልድዩ ሲነሳና ሌላ ቦታ ሲተከል፣ መሐል ላይ ያለው ባች ውኃ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛውስ? እሱም ተቀይሯል። ዛሬ የአራዳ ልጅ የሚመደበው ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ሐሮማያ ነው። ይህ ክፉ አይደለም፤ በእኛ ጊዜ ከጎንደር የመጣው ልጅ ብቻውን የተሸከመውን ናፍቆት አሁን የእኛም ልጅ ይማረዋል። ፒያሳ ላይ ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቱ ቤት የሚያድርበት ሌሊት ግን ዩኒቨርሲቲ የገባበት ሌሊት ነው። «አራዳነት» አንሶላ ማጠብ አያስተምርም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ፈረሰች። ብዙ የሰፈሬ ሰው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተዛውሯል። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራቱም ያምራል። የተሻለ ቤት ያገኘ ጎረቤት አለኝ፤ የተጎዳም አለኝ። ዛሬ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ግን አንዲት ተማሪዬ ለመጀመሪያው የሴሚስተር እረፍት ስትመለስ ቤተሰቧ ተዛውሮ ነበርና፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ የት እንደምትሄድ በስልክ ጠይቃ ነው የሄደችው። እናቷ በጤና ነበሩ፤ ቤቱም ደህና ነው። «ቲቸር፣ ሁሉም ሰላም ነው፤ ግን የማውቀው ሰው በር ላይ የለም» አለችኝ። በዚያች በር ላይ የሚቀመጠው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አሁን ሌላ ሰፈር ነው ያለው። ታናሾቹ ደግሞ ማን እንደሚቀድማቸው አያውቁም። በ1929 ዓ.ም. ከሆነው ጋር በፍጹም አላወዳድረውም፤ ያ ግድያ ነው፣ ይኼ መበታተን ነው። የሚቋረጠው ክር ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ልጆች የበረንዳውን ትምህርት እዚህ ልጻፍላችሁ፤

1. ፍሬሽማን የመጠበቂያ ክፍል አይደለም። ዲፓርትመንት ስትመርጡ የዚህ ዓመት ውጤት ይቆጠራል። «ዋናው ትምህርት ገና ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

2. የምትወስዷቸው ኮርሶች ይታወቃሉ፦ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ሌሎችም። ሞጁሎቹ በስልክ የሚነበቡ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የአንዱን የመጀመሪያ ምዕራፍ አንብቡና በራሳችሁ ቃል በአንድ ገጽ ጻፉት። ካቃታችሁ የሚያቅተው ትምህርቱ ሳይሆን እንግሊዝኛው መሆኑን ታያላችሁ፤ እሱ ደግሞ በየቀኑ በሚነበብ አምስት ገጽ ይሻሻላል። የስፖርት ትጥቁም ለጌጥ አይደለም፤ የአካል ብቃት ኮርስ አለ።

3. ኮስት ሼሪንግ ፎርሙን አንብባችሁ ፈርሙ። ዕዳ ነው፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ የምትከፍሉት። ብዙ ልጅ ምን እንደፈረመ የሚያውቀው ሲመረቅ ነው።

4. በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ተዋወቁና ጠይቁ። ኩራታችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ።

5. ለእናታችሁ ደውሉ። ገንዘብ ስትፈልጉ ብቻ አይደለም።

ለእናንተ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ባለፉት ሦስት አራት ዓመታት የገባችሁ፣ መንገዱ ገና ትኩስ ነው፤ ከአባቶቻችሁም ከእኔም ምክር የእናንተ ይሻላል። አዲሱ ሰፈራችሁ ውስጥ ዘንድሮ የሚገባ ልጅ አለ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ብርድ ልብስ የጠቀለለች እናት ታያላችሁ። ሂዱና አንድ ምሽት አብራችሁት ተቀመጡ፤ ክሬዲት አወር አስረዱት፤ ስልክ ቁጥራችሁን ስጡት። በረንዳ ከሌለ ደረጃ ላይ ይሆናል፤ ኮንዶሚኒየም ደረጃ አያጣም።

የት እንደተመደባችሁ እዚህ ጻፉልኝ። እዚያው ግቢ ያለ የቀድሞ ተማሪዬን ፈልጌ አገናኛችኋለሁ።

በሰላም ግቡ፣ በሰላም ያውጣችሁ።