ቅመም ያለበት ሻይ በጎጃም ደጋ

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ባሉ ሻይ ቤቶች ለእንግዳ የሚቀርበው ጥቁር ሻይ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ አንዳንድ ጊዜም ዝንጅብል ወይም ኮረሪማ አብሮት ይፈላል። ከጠጪዎቹ አንዳንዶቹ ይህን የጥንት ልማድ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገሩን መርምረን ስናየው ግን በብርጭቆው ውስጥ የተገናኙት ሁለቱ ዕድሜያቸው እኩል አይደለም፤ ቅመሙ ሽማግሌ፣ ሻዩ ልጅ ነው።

ለዚህም ምስክራችን የባሶ ገበያ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ ይቆም የነበረውን ይህን ታላቅ ገበያ ቻርልስ ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1834 ዓ.ም. ገደማ በአካባቢው ተቀምጦ አይቶታል፤ ስለ ንግዱም ጽፎአል። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከጉድሩ በኩል፣ ቡናና ኮረሪማ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር። የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ተነድቶ በዚያው ገበያ ይሸጥ እንደ ነበር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የሰሜን ነጋዴዎች ደግሞ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ይዘው ይመጡና የገዙትን በጎንደር በኩል ወደ ምፅዋ ያወርዱት ነበር።

የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ቡናው በጎጃም ደጃፍ ሲያልፍ የአገሩ ክርስቲያን እንደ እስላም መጠጥ ስለ ቈጠረው በአብዛኛው አይቀምሰውም ነበር። ኮረሪማውን ግን ለወጡና ለቅቤው አስቀረው። ስለዚህ ደገኛው ሻይን ከማወቁ አስቀድሞ ምላሱ ቅመምን ለምዶ ቈይቶአል።

የስሞቹም ነገር ይህንኑ መንገድ ያሳያል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል የሚሉት ቃላት ከዐረብ ቋንቋ ጋራ የተዛመዱ ናቸው፤ ሻይ የሚለውም በዐረቦች በኩል የደረሰን ሲሆን መነሻው ቻይና ነው። ኮረሪማ ብቻ የአገራችን የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው።

ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ፣ በኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለችው መንቆረር የምትታወቀው በጠጅ እንጂ በሻይ አልነበረም። በእኛ አስተያየት ሻይ የብዙ ሰው መጠጥ ሊሆን የቻለው ስኳር ሲቀርብለት ነው፤ የወንጂ ፋብሪካም ሥራውን የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ቅጠሉን ደግሞ ጎሬ አጠገብ ያለው ጉመሮና ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽ ያቀርቡ ጀመር።

አሁን ወደ መቅመሱ እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ውሃዋ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ጠንካራው የቀረፋ ልጥ በዚህ ሙቀት ቶሎ ኀይሉን አይሰጥም፤ ስለዚህ ቅመሙን አስቀድሞ ረዘም አድርጎ ማፍላት፣ ቅጠሉን ግን በመጨረሻ ጨምሮ ጥቂት ማቈየት ይገባል። ባንድነት ሲንተከተክ የዋለ ሻይ ምላስን ከማኰማተር በቀር ጣዕም የለውም። የመጀመሪያውን ጕንጭ ያለ ስኳር የቀመሰ ሰው ይህን ወዲያው ይለየዋል፦ የቅጠሉ ምረት ቀድሞ ይደርሳል፣ ቅርንፉዱ ምላስን ጥቂት ያደነዝዛል፣ የኮረሪማው መዓዛ ግን ከተዋጠ በኋላ በአፍንጫ በኩል ይመለሳል። ቅርንፉድ የበዛበት እንደ ሆነ ሌላው ሁሉ ይጠፋል፤ ለአንድ ጀበና ሁለት ፍሬ ይበቃል እንላለን።